ራስ ልክ የሌለው ባርኔጣ

ሐሙስ የሀዋሳ ገበያ ቀን ነው። ከቱላ በኩል የሚመጡ ሴቶች ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ ቡላውን ለብቻው ቋጥረው ይደረድራሉ። ከቆጮው ጎን አንዳንዴ እንደ ፈረስ ጭራ የተንዠረገገ፣ ነጣ ያለ የእንሰት ቃጫ እስር ይታያል። ባለፈው ክረምት ከእነዚህ እስሮች በአንዱ ላይ ባርኔጣ ተደፍቶ አየሁ። ጠርዙ ሰፊ ነው፤ ከአናቱ ጀምሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየዞረ የወረደ ጉንጉን፣ በየስፌቱ መሐል ብቅ ጥልቅ የሚል ቀይ ክር። አንስቼ ደፋሁት፤ ዓይኔ ድረስ ወረደ። ባለቤቲቱ ሌላ አቀበሉኝ፤ ያኛው አናቴ ላይ ቁጭ ብሎ አልወርድም አለ።

“ልክህን አታውቅም እንዴ ልጄ?” አሉኝ እየሳቁ።

አላውቅም ነበር። “እማማ፣ እርስዎስ በማን ልክ ነው የሚሠሩት?” ስላቸው መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ አሳርፈው ወደ ማጅራታቸው አንሸራተቱት። በራሳቸው ልክ ነው የሚሠሩት። ትልቁ ደግሞ ለባለቤታቸው ራስ የታሰበ ነበር።

ስለ ዕደ ጥበብ በጋዜጣና በሬዲዮ የምንሰማው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ባህላችን እየጠፋ ነው፣ ወጣቱ ረስቶታል፣ የሚመለከተው አካል ይድረስልን። የቃጫ ባርኔጣን ጉዳይ በዚህ መንገድ ካየነው የምንስት ይመስለኛል። የሚጎነጉኑት እጆች አልጠፉም። ቃጫውም አለ። ፀሐዩማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለተቀመጠች ከተማ ተርፎ የሚፈስ ነው። የጎደለው በጉንጉኑና በሰው ራስ መካከል ያለው ሥራ ነው፤ ልክ መለካት፣ ቅርጽ ማስያዝ፣ ጠርዝ ማጽናት፣ በውስጥ በኩል ላብ የሚይዝ ጨርቅ መስፋት። በአጭሩ ማጠናቀቂያው። ይህን ዓይነት ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ እዚሁ ሀዋሳ ውስጥ ሞልተዋል። ከባርኔጣ ሠሪዎቹ ጋር ግን ተገናኝተው አያውቁም።

ከቃጫው ልጀምር። ቃጫ ራሱን ችሎ የሚመረት ነገር አይደለም፤ የምግብ ሥራ ትራፊ ነው። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ እንደ አየሩና እንደ ዝርያው ብዙ ዓመት ይወስዳል። ሲደርስ ይቆረጣል፤ ግንድ የሚመስለው አካሉ በየልባሱ ይገነጠልና በተዘረጋ ጣውላ ላይ እየተያዘ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል። የተፋቀው ሥጋ ጉድጓድ ገብቶ ይብላላና ቆጮ ይሆናል፤ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው፤ ጣውላው ላይ የሚቀረው ጭረት ደግሞ ታጥቦ ሲደርቅ ቃጫ ይባላል። በሲዳማ ተክሉን መትከል የወንድ፣ መፋቅ የሴት ሥራ ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ ያለው ቃጫ ሁሉ ሴቶች ጎንበስ ብለው፣ አንድ እግራቸውን ጣውላው ላይ አጽንተው ካሳለፉት ቀን የተረፈ ነው። ዋጋ ሲወጣለት ያ ቀን አይታሰብም፤ ቆጮው ከፍሎታል ተብሎ ይታለፋል።

የቃጫው ርካሽነት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ጥራቱም የሚበላሸው በዚሁ ምክንያት ነው። እማማ እንደነገሩኝ ከግንዱ ውስጠኛ ልባሶች የሚወጣው ቃጫ ቀጭን፣ ነጭና ለስላሳ ሲሆን የውጪዎቹ ሻካራና ቡናማ ናቸው። ለባርኔጣ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። ገበያ ላይ ግን ሁሉም በአንድ እስር ተቀላቅሎ በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ ገዢው ለገመድና ለማሰሪያ ስለሚወስደው መለየቱ ደንታው አይደለም። ዋጋ ካልተለየ ለመለየት የሚደክም አይኖርም። ባርኔጣ ሠሪዋም ከአንድ እስር ውስጥ ለሥራዋ የሚሆነውን መርጣ ቀሪውን ለጥጃ ማሰሪያ ትተወዋለች።

አሁን ደግሞ ወደ ፊሊፒንስ ልሻገር፤ ነገሩ ዘመድ ጥየቃ ነው። እዚያ አባካ የሚባል ተክል አለ። መልኩ ሙዝ ነው፣ ቤተሰቡም ከሙዝና ከእንሰት ጋር አንድ ነው። ከግንዱ ልባስ የሚፋቀው ጭረት ለብዙ ዘመን የዓለምን መርከቦች ገመድ ሆኖ ሲጎትት ኖሯል፤ ዛሬም ለሻይ ከረጢት ወረቀት ይሆናል። የዓለምን አባካ ከ80 በመቶ በላይ የምታቀርበው ፊሊፒንስ ናት። ከዚሁ ጭረት ሲናማይ የሚባል ስስ ጨርቅ ይሸመናል። እንግሊዛውያን ወይዛዝርት ለፈረስ እሽቅድምድምና ለሠርግ የሚደፉት፣ ላባና አበባ የተሰካበት ያ ዘንጣ ባርኔጣ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከሲናማይ ነው። የእንሰት ቃጫ በጥንካሬው ከአባካ ጋር እንደሚመዛዘን የመስኩ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። እንግዲህ አንዱ ዘመድ በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ግብዣ ላይ ራስ ላይ ሲቀመጥ፣ ሌላው በቱላ መንገድ የአጥር እንጨት ያስራል። የሁለቱን ዕጣ የለየው የቃጫው ጠባይ ብቻ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል።

ሥራውን ቀረብ ብዬ ያየሁት በሌላ ቀን እማማ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ቃጫው ከደረቀ ስለሚሰበር አጠገባቸው ውኃ ያለበት ጣሳ ይቀመጣል፤ ጣታቸውን እየነከሩ ያረጥቡታል። አምስት አምስት ዘለላ ይዘው ልክ ሹሩባ እንደሚሠሩ ይጎነጉናሉ። ጉንጉኑ ሲረዝም እግራቸው ሥር ይጠቀለላል። ከዚያ መሐሉን እንደ ቁልፍ አጥብቀው ይጀምሩና ጉንጉኑን በራሱ ዙሪያ እየጠመዘዙ ጠርዙን ከጠርዙ በመርፌ ይሰፉታል። እስከዚህ ሰፌድ የሰፋ ሁሉ የሚያውቀው ጥበብ ነው። ልዩነቱ ቀጥሎ ይመጣል። ክሩን ጠበቅ ሲያደርጉት ጉንጉኑ ይኮማተርና ወደ ታች ይታጠፋል፤ ላላ ሲያደርጉት ይዘረጋል። አናቱ አልቆ ጎኑ የሚጀምረው በማጥበቅ ነው፤ ጎኑ አልቆ ጠርዙ የሚዘረጋው በማላላት ነው። ጠርዙ ከልክ በላይ ከላላ እንደ ጎመን ቅጠል ይጨማደዳል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ እንደ ሳህን ወደ ላይ ይቀለበሳል። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠረው አውራ ጣት ነው፤ ሌላ መለኪያ የለም።

ምን ያህል ጉንጉን እንደሚፈጅ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። የራስ ዙሪያው 57 ሳንቲ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት 10፣ የጠርዙ ስፋት 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባርኔጣ ጠቅላላ ስፋቱ ወደ 1,500 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ጉንጉኑ 1 ሳንቲ ሜትር ሰፍቶ፣ በስፌት ተደራርቦ 8 ሚሊ ሜትሩ ብቻ ቢታይ፣ ከ18 ሜትር በላይ ያስፈልጋል። 18 ሜትር በጣት የተጎነጎነ ቃጫ! ቁጥሩን ስነግራቸው እማማ ብዙም አልገረማቸውም። “እኔ የምቆጥረው በቀን ነው” አሉ። ሌላ ሥራ ካልጠራቸው ሦስት ቀን። ሌላ ሥራ ደግሞ ሁልጊዜ ይጠራል።

ይህ ባርኔጣ ገበያ ላይ የሚያወጣው ዋጋ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሁለት ሰው ከሚበላው የዓሣ ምሳ አይበልጥም። ለምን? “የፈረንጅ ዕቃ ስለምንወድ” የሚለው መልስ አይዋጥልኝም። የሚዋጥልኝን ያገኘሁት ከአንድ ያልተሳካ ትእዛዝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል በግቢው ለሚያስተናግዱ ሠራተኞቹ 40 የቃጫ ባርኔጣ ፈለገ። አንድ ዘመዴ አገናኝ ሆኖ ለተለያዩ ሴቶች አከፋፈለው። በቀጠሮው ቀን 40 ባርኔጣ መጣ፤ ሁሉም የየራሱ መልክ ያለው። አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠርዙ የተጨማደደ፣ አንዱ እጅግ ያማረ ግን ለልጅ ራስ ብቻ የሚሆን። የሆቴሉ ኃላፊ ጥቂቱን ብቻ ተቀብሎ ሌላውን መለሰ። ሴቶቹ አለቀሱ፣ ዘመዴ ከሁለቱም ወገን ስድብ ጠገበ። እኔን የቆጨኝ ግን የተገዙት ጥቂቶቹ የደረሱበት ቦታ ነው፤ የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በምስማር ተሰቀሉ። ራስ ላይ መዋል ያቃተው ባርኔጣ ግድግዳ ላይ “ባህል” ሆነ።

ኃላፊውን አልወቅስም። 40 ሸሚዝ ያዘዘ ሰው በልክ በልኩ ተለይቶ እንዲመጣለት ይጠብቃል፤ ባርኔጣ በምን ይለያል? ሴቶቹንም መውቀስ አይቻልም፤ ልክ የሚባል ነገር የነገራቸው የለም። “ባህላዊ” የሚለው ቃል እዚህ ላይ ጉዳት ያደርሳል ባይ ነኝ። አንድን ዕቃ ባህላዊ ካልነው በኋላ በአገልግሎቱ መመዘን ነውር ይመስለናል። ቢጠብም፣ ቢሰፋም፣ ዝናብ ሲነካው ቅርጹ ቢጠፋም “ያው የባህል ነው” እንላለን። ገዢው በይሉኝታ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ሁለተኛ ግን አይመለስም። ከወረቀት ወይም ከፕላስቲክ ጭረት በማሽን የተሰፋው የውጭ አገር ባርኔጣ በውበት አይበልጥም፤ ውስጡ ላይ ቁጥር ስላለው ግን ይበልጣል።

የእግር ኳስ ወዳጆች ሉተን ታውንን ያስታውሱት ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2023/24 ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዓመቱ የወረደው ክለብ ነው። ቅጽል ስሙ “ባርኔጣ ሠሪዎቹ” ነው። ሉተን ከለንደን በስተሰሜን የምትገኝ ከተማ ስትሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የገለባ ባርኔጣ ዋና ማዕከል ነበረች። በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ሴቶችና ልጆች የስንዴ አገዳ ይጎነጉኑና ጉንጉኑን ለሉተን ነጋዴዎች ይሸጡ ነበር። ልክ እንደ ቱላና ሀዋሳ። እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ወዲህ ግን ከቻይና፣ ቆይቶም ከጃፓን ርካሽ ጉንጉን በመርከብ መጣ። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የመንደሮቹ ሥራ አለቀለት። የሉተን ባርኔጣ ሠሪዎች ግን አልወደቁም፤ የቻይናን ጉንጉን እየገዙ መስፋታቸውን ቀጠሉ፣ እንዲያውም በአዲሱ የጉንጉን ስፌት መኪና ምርታቸው ጨመረ። ጥሬውን ጉንጉን የሚያቀርበው ተቀየረ፤ ቅርጽ የሚያስይዘው፣ ልክ የሚያወጣለትና ለሱቅ የሚያደርሰው ግን ባለበት ቆየ።

ታሪኩ ሁለት ፊት አለው። ማጠናቀቂያውን የያዘ ገበያውን ይይዛል፤ ይህ ደስ የሚለው ነው። ደስ የማይለው፣ ማጠናቀቂያው ከጎንጓኞቹ እጅ ውጪ ከሆነ ጎንጓኟ በቀላሉ ልትተካ መቻሏ ነው። የፓናማ ባርኔጣም ከዚህ አያመልጥም። ፓናማ ይባል እንጂ የሚሠራው ኢኳዶር ውስጥ ቶኪያ ከተባለ ዘንባባ መሳይ ተክል ቅጠል ነው፤ ስሙን ያገኘው በፓናማ በኩል እየተሸጠ ስለወጣ ነው። ዩኔስኮ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2012 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። እዚያም ቢሆን ሴቲቱ ሸምና ያልጨረሰችውን ባርኔጣ ለነጋዴ ትሸጣለች፤ አጥቦ፣ አንጽቶ፣ በቅርጽ ማውጫ ላይ ተኩሶ የሚሸጠው ሌላ ነው፤ ትርፉም ከእርሱ ጋር ይቀራል። የቅርስ መዝገብ ይህን ክፍፍል አልለወጠውም። የፍቼ ጨምበላላ በዓላችን እ.ኤ.አ. በ2015 በዚያው መዝገብ ሲሰፍር በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ላይ የጨፈርን ሰዎች፣ መዝገብ ክብር እንጂ ገበያ እንደማይሰጥ ብናውቀው አይጎዳንም።

ታዲያ የሀዋሳ ማጠናቀቂያ ማን ነው? ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ እናስታውስ። 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል የተባለለት፣ ልብስ ሰፍቶ ለአሜሪካና ለአውሮፓ የሚልክ ፓርክ ነው። ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች እዚያ ሠልጥነዋል። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ትልቁ ተከራይ፣ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች፣ ለቆ መውጣቱን አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ ቀረጥ ነፃ ገበያ ታገደች። ብዙዎች ከሥራ ወጡ። አንዳንዶቹ ወደ ቤተሰብ ተመለሱ፣ አንዳንዶቹ ወደ ዓረብ አገር ሄዱ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ እዚሁ ቡና እያፈሉ ይሸጣሉ።

ስለ እነርሱ ሲወራ ስለ ደመወዛቸው ትንሽነት ይወራል፤ ልክም ነው፣ ትንሽ ነበር። እጃቸው ላይ ስለቀረው እውቀት ግን ማንም አያወራም። አንድ ስፌት ከሌላው በግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢለይ መልሶ ማስፈታት፣ በሜትር መለካት፣ እድፍ ያለበትን ለይቶ ማውጣት፣ ሃምሳውንም እንደ አንዱ ማድረግ። የእማማ አውራ ጣት የማያውቀው ይህንን ነው። የእነርሱ ጣት ደግሞ ቃጫ ነክቶ አያውቅም፤ ወይም በልጅነቱ እናት ሲፍቁ ነክቶ ረስቶታል። ሁለቱ እውቀቶች በአንድ ከተማ፣ ምናልባትም በአንድ ቤት ውስጥ አሉ።

ማገናኘቱ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ከ54 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ያሉ አራት ወይም አምስት የእንጨት ራሶች፣ የሚንተከተክ ማንቆርቆሪያ፣ ዚግዛግ የሚሰፋ አንድ መኪና፣ ጥቅል ጥጥ ጨርቅ። ጉንጉኑ በጣት ይቀጥላል፤ ስፌቱ ቢፈለግ በእጅ፣ ቢቸኩል በመኪና። እርጥብ እንዳለ እንጨቱ ላይ ተደፍቶ ይደርቃል፤ በውስጡ ላብ የሚይዝ ጨርቅ ይዞርለታል፤ ጨርቁ ላይ ቁጥር ይሰፋል። የሉተንንና የኢኳዶርን ስህተት ላለመድገም አንድ ነገር መጠንቀቅ ያሻል። ጎንጓኟና አጠናቃቂዋ በአንድ ማኅበር ውስጥ ሆነው ከመጨረሻው ዋጋ ቢካፈሉ ይሻላል፤ አለዚያ ማጠናቀቂያው ሌላ ነጋዴ ይሆንና እማማ እንደገና ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ይሆናሉ። ማኅበራት በወረቀት ተቋቁመው ማኅተማቸው ሳይደርቅ ሲፈርሱ ስላየሁ ይህን ስጽፍ ልቤ ሙሉ አይደለም።

ጊዜው ግን አልከፋም። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣው የወረቀት ባርኔጣ እንደ ድሮው ርካሽ አይደለም። ቃጫ ደግሞ ዶላር አይጠይቅም። ሐይቁ ላይ የሚውለው ዓሣ አጥማጅ፣ ጎዳና የሚጠርጉ እናቶች፣ ቡና ለቃሚው፣ የሆቴሉ አስተናጋጅ ሁሉ ከፀሐይ በታች ነው የሚሠራው። ለጎዳና ጠራጊዎች ባርኔጣ የሚገዛ የከተማ ጽሕፈት ቤት ጨረታ ሲያወጣ ልክና ብዛት ይጠይቃል፤ ልክ ካለ የቃጫውም ይገባበታል።

አንድ ሥጋት ከታች ከሥሩ አለ። በሀዋሳ ዙሪያ የእንሰት ማሳ በጫትና በባሕር ዛፍ እየተተካ ነው። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታም ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 ተለይቶ ከታወቀ ጀምሮ በቢላዋና በተበከለ ችግኝ እየተላለፈ ይኖራል። የሴቶችን ድካም ለማቅለል የሚታሰቡት ማሽኖችም ጉዳይ አለባቸው፤ ግንዱን የሚከትፍ ማሽን ቆጮውን ያፋጥናል፣ ቃጫውን ግን ይበጥሰዋል። የሚገዛው ከሌለ ቃጫውን አስቦ ማሽን የሚሠራ አይኖርም።

የእጅ ሥራ ንቀትም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀንም። በሲዳማ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ በየጎሳ ስማቸው ተለይተው ሲገለሉ ኖረዋል፤ አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ቃጫ መጎንጎን እንደ እነዚያ አያስገልልም፤ ነገር ግን ፋብሪካ ሠርታ የወጣችን ልጅ “ቃጫ ጎንጉኚ” ብትሏት እናቷ ራሷ ትከፋለች። “ባርኔጣ ትሠራለች” ቢባል ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ሰፈሬ ካለ አንድ አናጺ ዘንድ ሄጄ የእንጨት ራስ እንዲጠርብልኝ ጠየቅሁት፤ ዙሪያው 57 ሳንቲ ሜትር። “የማን ራስ ነው?” አለኝ። የማንም እንዳልሆነ ነገርኩት፤ ተጠራጥሮ ጠረበው። እማማ ዘንድ ወሰድኩት። አገላብጠው አዩት፣ አፍንጫ የለውም ብለው ሳቁ፤ ከዚያ የረጠበ ባርኔጣ አጠለቁበትና በገመድ አስረው ጥላ ውስጥ አስቀመጡት። በማግስቱ ሲያወጡት ልኬ ሆነ፤ የአናጺውም ልክ ሆነ። ጠርዙ በግራ በኩል አሁንም ይጨማደዳል። የፓርኩን ሥራ ለቃ ቤት የተቀመጠች የጎረቤት ልጅ መጥታ ሜትሯን ዘርግታ ለካችውና፣ “እዚህ ጋ ነው የላላው” ብላ ከመጨረሻው አራተኛውን ዙር በጣቷ አሳየች። እማማ መርፌያቸውን አንስተው መፍታት ጀመሩ።